በአንድ እፍኝ አፈር

የጅማ ሰዎች፣ ወገኖቼ፣ ያቺን ምንጭ ረስተን ቡናችንን እንዴት እንጠጣለን?

የሰፈሩን መንገድ ክረምት በመጣ ቁጥር ጭቃ ይውጠው ነበር። ገረጋንቲ ውድ ነው፤ ከድንጋይ ከሰል ቁፋሮ የተጣለው ጥቁር ድንጋይ ግን በነጻ ይገኛል። ገልባጭ መኪኖች ተመላልሰው እስከ ምንጯ አናት ደፉት። «ተመርምሯል» ተባለ። ምርመራው ምን መሰላችሁ? ከክምሩ ጫፍ አንድ እፍኝ ተዘገነ፣ በተጣራ ውሃ ተለወሰ፣ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) 7 አካባቢ፣ ማለትም አሲድ የለም ብሎ ሲያሳይ ወረቀቱ ላይ ማኅተም አረፈ። ጥቂት ክረምት ሳያልፍ ውሃው ዝገት ለበሰ። ጠጠሩ ሁሉ ብርቱካናማ ሆነ፣ የሲሚንቶው ቱቦ ተበላ፣ ጀሪካን የያዙ ልጆች ባዶውን ይዘው ተመለሱ።

ይህን ይቅር ማለት አልችልም። የተሰወረ ነገር አልነበረማ! ከጉድጓድ ገና የወጣ ድንጋይ ውስጥ ያለው ፓይራይት፣ የብረትና የሰልፈር ማዕድኑ፣ አሲድ የሚወልደው አየርና ውሃ ሲያገኝ ነው፤ ገና አልጠገበም፤ ለዚህ ነው በመጀመሪያው ቀን ፒኤቹ ጨዋ የሚመስለው። የሚናገረው የዛሬን ብቻ ነው። የነገውን ለማወቅ ከየድንጋዩ ዓይነትና ከየጥልቀቱ ናሙና ተወስዶ ዱቄት እስኪሆን ይፈጫል። የሰልፈሩ መቶኛ በ31.25 ሲባዛ፣ አንድ ቶን ድንጋይ የሚያወጣውን አሲድ ለማርከስ ስንት ኪሎ ካልሲየም ካርቦኔት (የኖራ ድንጋይ ማዕድን) እንደሚያስፈልግ ይታወቃል። ከሰል ላይ ግን ጠቅላላውን ሰልፈር መቁጠር ያሳስታል፤ ከዕፅዋቱ ቅሪት ጋር የተሳሰረው እምብዛም አሲድ ስለማይወልድ የሰልፋይዱ፣ እንደ ፓይራይት ከብረት ጋር የተሳሰረው ሰልፈር፣ ድርሻ ተለይቶ ይለካል። 1.6 በመቶ ከሆነ 50 ኪሎ ነው። ከዚያ ሌላ ናሙና በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይሞቅና ሳይረክስ የተረፈው አሲድ በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ይለካል። የድንጋዩ የራሱ የማርከስ አቅም 20 ኪሎ ቢሆን፣ 20 ለ50 ሲካፈል 0.4 ይመጣል። ከ1 በታች የወጣ ድንጋይ ምንጭ አጠገብ አይደፋም፤ አለቀ። (በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ የሚሠራው ፈጣን ምርመራም ከሰል በበዛበት ድንጋይ ላይ ብቻውን አይታመንም፤ ከከሰሉ የሚወጣው ኦርጋኒክ አሲድ ንባቡን ያጣምመዋል።) ቁጥሩ በ1 እና በ2 መካከል አጠራጣሪ ሆኖ ከቆመ፣ 1 ኪሎ ናሙና በየሳምንቱ ሦስት ቀን ደረቅ፣ ሦስት ቀን እርጥብ አየር እየተነፋበት፣ በሰባተኛው ቀን እየታጠበና የእጥበቱ ውሃ እየተለካ ቢያንስ 20 ሳምንት ይቆያል።

20 ሳምንት! ለአንድ ሠርግ ከዚህ በላይ እንዘጋጃለን።

ይህን ሒሳብ የምናውቀው እኛስ የት ነበርን? ማኅተሙን አይተናል፤ ስንት ናሙና እንደተወሰደ ግን አልጠየቅንም። መንገዱ ሲደርቅ ጫማችን ሳይቆሽሽ ተራመድንበት። አፋችንን የዘጋው አለማወቅ አይደለም።

አሁን ምንጯ ላይ ኖራ ቢደፋ ለጊዜው ያስታግሳል እንጂ አያድንም፤ ከላይ ያለው ድንጋይ ካልተነሣ ወይም ከአየርና ከውሃ ካልተከለለ አሲዱ አያቆምም። ከሰሉም ገና አላለቀም፤ የከሰሉ ቦታዎች ደልቢና ሞዬ ከከተማችን ሩቅ አይደሉም። የሚቀጥለው ገልባጭ ሲመጣ ከእድሩ አንድ ሰው እንኳ ይነሣና ወረቀቱን ይጠይቅ፦ ሰልፋይዱ ስንት ነው? ማርከሻውስ? ሁለቱ ቁጥሮች ከሌሉበት መኪናው ይመለስ። ሾፌሩ ይቆጣል። ይቆጣ።