ማስተካከያ፦ ስለ ብሪታንያ የምርምር ምዘና

ባለፈው ጽሑፌ ሁለት ነገር ተሳስቻለሁ። ሬፍ በሚባለው የብሪታንያ ዩኒቨርሲቲዎች የምርምር ምዘና፣ ምርምሩ ከግቢ ውጭ ላመጣው ለውጥ እ.ኤ.አ. በ2021 የተሰጠው ድርሻ ከጠቅላላው ነጥብ 20 በመቶ ነው ብዬ ነበር። 20 የ2014ቱ ነው። በ2021 ወደ 25 ከፍ ብሏል።

ሁለተኛው ስህተቴ ይብሳል። ገምጋሚዎቹ ያለ ዝግጅት፣ በየግላቸው ነጥብ ይሰጣሉ ማለቴ ልክ አይደለም። ምርምሩ ያመጣው ለውጥ ለገምጋሚዎቹ የሚቀርበው በዋናነት በትረካ ነው። ትረካ ደግሞ አንዱን ሲማርክ ሌላውን ላይነካው ይችላል። ስለዚህ ዋናው ሥራ ሳይጀመር ገምጋሚዎቹ አንድ ዓይነት ናሙና አንብበው ነጥብ ሰጥተዋል። ከዚያ በልዩነታቸው ላይ ተወያይተው ሚዛናቸውን አቀራርበዋል። ከዩኒቨርሲቲ ውጭ የመጡ ባለሙያዎችም አብረው ገምግመዋል። ይህን ሁሉ ልፋት ዘልዬ ማለፌ ተገቢ አልነበረም፤ አንባቢዎቼን ከልብ ይቅርታ እጠይቃለሁ።