ድምፁ የተዘጋን ሰው የማናገር ጥበብ

ባለፈው እሁድ ሰርግ ቤት፣ ስፒከሩ ሥር ተቀምጬ ስጮህ አመሸሁ። ሰኞ ጠዋት ድምፄ ጥርቅም ብሎ ተዘጋ። የወገኔን ደግነት ያየሁት ያኔ ነው። ድምፁ የተዘጋ ሰው ዝም ብሎ እንዲያርፍ የሚተው ጨካኝ እኛ ዘንድ የለም።

በተለይ አንድ ጋሼ ይባረኩ። ደወሉ።

«ድምፅህን ምን ነካው?»

«ተዘግቶብኝ ነው።»

«አልሰማም፣ ጮክ በል!»

ጮክ አልኩ።

«ውይ! እንዲህ ሆነህማ ማውራት የለብህም። የማን ሰርግ ነበር?»

ነገርኳቸው።

«የሙሽራዋ አባት የየት አገር ሰው ናቸው?»

ነገርኳቸው።

«ጥሬ ሥጋስ ነበረ?»

እሱንም ነገርኳቸው።

«እስቲ ‹አ› በል።»

አልኩ።

«አይ፣ ብሶብሃል! ቅድም ይሻል ነበር።» ከዚያ ስልኩን ለባለቤታቸው አቀበሉ፤ «ስሚውማ!»

እትዬም «ውይ ልጄን! ምን ነካህ?» አሉ። እንደገና ከሰርጉ ጀመርን።

መድኃኒቱም ሞልቷል። ፌጦ፣ ዝንጅብል በማር፣ አንድ መለኪያ አረቄ፤ «ጠራርጎ ነው የሚወስድልህ!» የምንውጠው በምግብ ቧንቧ ይወርዳል፤ የድምፅ አውታሮች ያሉት የአየር ቧንቧው አናት ላይ ነው። አረቄው እዚያ ቢደርስ ትንታ ይጨርሰኝ ነበር። ግን ይሄን በየትኛው ድምፄ ላስረዳ? የቢሮዋ አዋቂ ደግሞ «በሹክሹክታ አውራኛ!» አለችኝ። ሹክሹክታም አውታሮቹን እንደሚያደክም ብነግራት ወሬ ልታጣ ነው።

አንድ ነገር ግን አያስቀኝም። ሰፈራችን ሲጋራ የሚያጨስ ጎልማሳ አለ። ድምፁ ከጎረነነ አራት ወር አልፎታል። «ብርድ ነው» እያላችሁ ፌጦ የምታስታቅፉት ሰዎች፣ እባካችሁ አፋችሁን ያዙ! ከሦስት ከአራት ሳምንት ያለፈ መጎርነን የጉሮሮ ካንሰርም ሊሆን ይችላል። በጊዜ ከተደረሰበት የመዳን ዕድሉ ሰፊ ነው። የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም ይየው እንጂ!

እኔስ የሚበጀኝ ዝም ማለትና ውሃ መጠጣት ነበር። ማክሰኞ ወረቀት ላይ «ድምፄ ተዘግቷል፣ ማውራት አልችልም፤ አንድ ሊትር ውሃ» ብዬ ጻፍኩና ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቁ አነበበው። አንጀቱ ተላወሰ። በባንኮኒው ላይ ተንጠራርቶ፣ በእጁ የመጠጣት ምልክት እያሳየ፣ ጆሮዬ ላይ ጮኸብኝ፦

«ቀዝቃዛ ነው ወይስ ኖርማል?!»