ሳይረጥቡ ማጥመድ

የጥበብ ሰው በሥራው ነው የሚያድገው ብዬ ስታገል ኖርኩ። ተሳስቻለሁ። ያረመኝ አንድ ወዳጄ ነው።

ወዳጄ ምን እንደሚሠራ አትጠይቁኝ፤ ቢዝነስ ካርዱ ላይ ተጽፏል። ሠዓሊ፣ ፊልም ሠሪ፣ ዲዛይነር፣ አማካሪ። ብሩሽ ሲይዝ ያየሁት አንድ ቀን ነው፤ እሱንም ጥርሱን ሲፍቅ።

ቢሮው ጣና ዳር ያለ ካፌ ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ይገባል፣ ዝናብ አያስቀረው፣ በዓል አያስቀረው። የሚቀመጠው ሐይቁን ለጀርባው ሰጥቶ ነው። 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን ውኃ ከኋላው ተንጣሎ አንዴ እንኳ ዞር አይልም። ዓይኑ በሩ ላይ ነው። ትኩረት ይሏችኋል ይሄ ነው! ኃላፊው ከመኪናው ሳይወርድ እሱ ከወንበሩ ተነሥቷል።

«ዋናው ኔትወርክ ነው ወንድሜ» ይለኛል። ኔትወርክ እንግዲህ በእኛው ቋንቋ መረብ ነው። መረብማ ዓሣ አጥማጁም አለው፤ ግን ዘመናዊ አይደለም። ደንገል ያጭዳል፣ ያደርቃል፣ አስሮ ታንኳ ያደርጋል። ደንገሉ ውኃ ስለሚጠጣ ከሐይቁ በወጣ ቁጥር ዳር ላይ አቁሞ ማድረቅ አለበት። ወራት ሳይቆይ ይበሰብስና እንደገና ሀ ብሎ ይጀምራል። ይህ ሁሉ መከራ ለጥቂት ቆሮሶና አምባዛ! ወዳጄ ግን እግሩ ሳይረጥብ ባለፈው ሳምንት ብቻ አንድ የቢሮ ኃላፊ፣ ሁለት ባለሀብትና አንድ የሰርግ ጥሪ አጥምዷል።

የዘጌ ሠዓሊዎችማ አንጀቴን ይበሉኛል። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገብታችሁ የመቅደሱን ግድግዳ እዩ፤ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው። ቀለም በጥብጠው፣ ቆመው ተንጠልጥለው ያን ሁሉ ሲሠሩ ከማን ጋር ፎቶ ተነሡ? ከማንም። በነገራችን ላይ፣ በድሮ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ግርጌ ተደፍቶ የምታዩት ሰው ገንዘቡን አውጥቶ ያሠራው ነው። ያኔ የሚደፋው ከፋዩ ነበር። ዘመን ተሻሻለና አሁን የሚደፋው ሠዓሊው ሆነ።

አንድ ጊዜ ክፉ ቀን መጣበት። እውነተኛ ሥራ ታዘዘ። ለአንድ ትልቅ ስብሰባ አዳራሽ የሚሰቀል ሥዕል። ላብ አጠመቀው። ደግነቱ ለቱሪስት ብራና ላይ የምትሥል አንዲት ልጅ ያውቅ ነበር። ሌሊቱን ሁሉ እያነጋች ጨረሰችው። በምረቃው ቀን እሱ ከእንግዶቹ ጋር ሪባኑ አጠገብ ቆሞ ነበር። እሷ አልተጠራችም። ምን ታድርግ፣ ሰው አታውቅም፤ የምታውቀው ቀለም ብቻ ነው። «ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ለአጣሪው» ያሉት አበው ካርድ አላሳተሙማ!

ትናንት እኔም አብሬው ተቀምጬ ነበር። አዎ፣ እኔም ጉዳይ አለኝ። ነጭ ቪ8 መጥታ ቆመች። ወዳጄ ኮቱን ቆልፎ ተነሣ። የወረደው ሾፌሩ ብቻ ነው። ወዳጄ ተቀመጠ። ማኪያቶውን አንዴ ፉት አለና ትንሽ አሰበ።

ከዚያ እንደገና ተነሣ። ለካ ሾፌሩም ሰው ያውቃል። የሁለታችንን ሒሳብ ከፍዬ ተከተልኩት።