አብሮ አደግን ማግባት ሰው ማጣት አይደለም

ሁለት የክፍል ጓደኛሞች ሊጋቡ ነው ሲባል ሁሉም ሰው እኩል አይደሰትም። «ይሄን ሁሉ ዓመት የት ነበሩ?» የሚል አይጠፋም። «ሌላ ሰው አጥተው ነው» የሚልም አለ። ከልጅነት ጀምሮ የሚያውቁትን ሰው መውደድ የምርጫ እጦት ተደርጎ ይታያል። ፍቅር ማለት ልብ ድንግጥ የሚልበት፣ በአንድ እይታ ነገሩ የሚያልቅበት ብቻ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ይሄ አስተሳሰብ ያሳዝነኛል። ቀስ ብሎ የመጣ ፍቅር ከድንገተኛው አያንስም። እንዲያውም ብዙ ጊዜ መሠረቱ የጠበቀው እሱ ነው ባይ ነኝ።

አብሮ አደግ የሚያውቀውን ነገር እስቲ አስቡት። አስተማሪው ጥያቄ ሲጠይቅ እሷ መልሱን እያወቀች እጇን እንደማታወጣ ያውቃል። ፈተና ሲታደል የእስክሪብቶዋን ጫፍ እንደምትነክስ ያውቃል። እሷ ደግሞ ድምፁ የጎረነነበትን ዓመት ታስታውሳለች። ጮክ ብለህ አንብብ ተብሎ ተነሳ፤ መሀል ላይ ድምፁ ተሰነጠቀና ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እሷ አልሳቀችም። አጎንብሳ ደብተሯን አየች። እሱ ያን ቀን ፍቅር አልያዘውም፤ ገና ልጅ ነው። ግን ማን እንዳልሳቀበት አልረሳም። ላጲስ ተውሶ የሚመልሰው ማን እንደሆነ፣ የራሱን ጥፋት በሌላ ላይ የሚያላክከው ማን እንደሆነ፣ ሲሸነፍ የሚያኮርፈው ማን እንደሆነ ክፍሉ ሁሉ ያውቃል። ሰው ራሱን አሳምሮ ማቅረብ ከመማሩ በፊት የታየበት ቦታ ቢኖር ትምህርት ቤት ነው። ለመጀመሪያ ቀጠሮ የሚመጣ ሰው ግን ተዘጋጅቶ ነው የሚመጣው።

ይሄ የኔ ስሜት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1992 ሪቻርድ ሞርላንድ እና ስኮት ቢች የተባሉ ተመራማሪዎች አንድ ቀላል ነገር ሞከሩ። አራት ሴቶችን ተማሪ አስመስለው ወደ አንድ የዩኒቨርሲቲ ክፍል ላኩ። አንዷ ጭራሽ አልገባችም፣ ሌሎቹ 5፣ 10 እና 15 ጊዜ ገብተው ተቀመጡ። ከማንም ጋር አላወሩም። በመጨረሻ የክፍሉ ተማሪዎች የአራቱን ፎቶ አይተው ሐሳባቸውን ሲሰጡ፣ ብዙ ጊዜ የገባችው ይበልጥ ተወደደች። እንግዲህ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ እንዲህ ከሆነ፣ ዓመታትን አብረው እየተሳሳቁ፣ እየተኳረፉና እየታረቁ የተማሩ ልጆችስ?

እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው የዳኑ ስቲንሰን እና የባልደረቦቿ ጥናት ደግሞ በካናዳና በአሜሪካ ወደ 1,900 የሚጠጉ ሰዎችን ተመልክቷል። ከሦስቱ ሁለቱ የፍቅር ሕይወታቸው የተጀመረው በጓደኝነት እንደሆነ ተናግረዋል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹ ፍቅር ከመጀመራቸው በፊት በአማካይ ወደ 22 ወር ገደማ ጓደኛ ነበሩ፤ አብዛኞቹም ሲቀራረቡ ፍቅር አስበው አልነበረም። ያም ሆኖ ተመራማሪዎች ለዓመታት ትኩረታቸው እንግዳ ከእንግዳ እንዴት እንደሚፈላለግ ላይ ነበር። ብዙው ሰው የሄደበትን መንገድ ትተው ማለት ነው።

«አብሮ ያደገ ሰው እኮ እህትና ወንድም ነው» የሚል መከራከሪያ አለ። ይሄ ባዶ ወሬ አይደለም። ፊንላንዳዊው የማኅበረሰብ ተመራማሪ ኤድቫርድ ቬስተርማርክ እ.ኤ.አ. በ1891 ከሕፃንነታቸው አንድ ቤት ያደጉ ሰዎች እርስ በርስ የፍቅር ስሜት አያድርባቸውም ብሎ ጽፏል። በእስራኤል ኪቡትዝ በሚባሉት የጋራ ኑሮ መንደሮች ከጨቅላነታቸው አብረው እየተኙ፣ አብረው እየበሉ ያደጉ ልጆችም ሲያድጉ እርስ በርስ የተጋቡት እጅግ ጥቂት ነበሩ። ግን ልዩነቱን ልብ በሉ። ይሄ የሚሆነው በመጀመሪያዎቹ የሕፃንነት ዓመታት አንድ ጣሪያ ሥር ሲኖሩ ነው። የክፍል ጓደኛሞች ግን የሚገናኙት ከዚያ ዕድሜ በኋላ ነው፤ ደወል ሲደወልም ሁሉም ወደየቤቱ ይሄዳል። ከማታ እስከ ጠዋት የማያውቁት የሌላው ሕይወት አለ። ለናፍቆት ቦታ የሚተወውም እሱ ይመስለኛል።

መራራቁም ብዙ ጊዜ ይጠቅማል። ሊዮኔል ሜሲና አንቶኔላ ሮኩዞ የክፍል ጓደኛሞች ባይሆኑም በአርጀንቲናዋ ሮዛሪዮ ገና ልጆች ሳሉ ነው የተዋወቁት። እሱ በ13 ዓመቱ ወደ ባርሴሎና ሄደ። የተጋቡት እ.ኤ.አ. በ2017 ነው፣ እዚያው ሮዛሪዮ። ብዙ አብሮ አደጎችም እንዲህ ናቸው። አንዱ ሌላ ከተማ ይማራል፣ አንዷ ሥራ ትይዛለች፣ ለዓመታት ወሬያቸው ይጠፋል። ሲገናኙ ፊት ለፊት የቆመው ሰው የሚታወቅም አዲስም ነው።

አደጋውም እዚህ ጋ ነው፤ ልንሸፋፍነው አይገባም። የ12 ዓመቷን ልጅ ማወቅ የ28 ዓመቷን ሴት ማወቅ ማለት አይደለም። «እኔ እኮ አውቅሃለሁ» የሚለው ቃል ደስ እንደሚል ሁሉ ያስራልም። በልጅነቱ ዝምተኛ የነበረ ሰው ዛሬ የሚናገረው ብዙ ሊኖረው ይችላል። ያኔ ቀልደኛ የነበረችው ዛሬ የምታዝንበት ነገር ሊኖራት ይችላል። እናም አብሮ አደጎች ከማንም በላይ መጠያየቅ አለባቸው። ስለ ገንዘብ፣ ስለ ልጅ፣ ስለ እምነት፣ የት መኖር እንደሚፈልጉ። ይሄን ሁሉ «እንተዋወቃለን እኮ» ብሎ ማለፍ በጣም ቀላል ነው። የትዝታ ብዛት ግን ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ አይሆንም።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው መናገሩ ነው። እንግዳ ሰው እምቢ ቢል ቁጥሩን አጥፍቶ መርሳት ይቻላል። አብሮ አደግ እምቢ ቢል ግን ጓደኝነቱም፣ የጋራ ጓደኞቹም፣ ትዝታውም ይነካል ተብሎ ይፈራል። ስንቱ በዚህ ፍርሃት ዝም ብሎ የሌላ ሰው ሚዜ ሆኗል። የኔ ሐሳብ ግልጽ ነው፤ ይነገር። በቀልድ ተሸፍኖ ሳይሆን፣ በሰው አስልኮም ሳይሆን፣ ሁለቱ ብቻ ሆነው። «ካልሆነ እንደ ድሮው እንቀጥላለን» ብሎ መጀመር ይቻላል፤ ያን ቃል መጠበቅ ግን የተናጋሪው ኃላፊነት ነው። እምቢ ያለችውን ልጅ በየአጋጣሚው መጨቅጨቅ፣ ጓደኛ ሰብስቦ ማስለመን፣ ያን ሁሉ ዓመት የተገነባ መተማመን መናድ ነው።

እኛም በዙሪያቸው ያለነው ድርሻ አለን። ሁለት ጓደኛሞች አብረው በታዩ ቁጥር «መቼ ነው ሰርጉ?» እያልን አናስጨንቃቸው። ጓደኝነት ብቻ ሆኖ የሚቀር ቅርበትም አለ፣ እሱም ምንም አይጎድለውም። ከተዋደዱ ደግሞ «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብለን አናፋጥጣቸው። አብዛኞቹ ቀኑን አያውቁትም።