ለክረምት እናቶችና አባቶች የቀረበ ውዳሴ

ሐምሌ ሲገባ የአዲስ አበባ ሰማይ ይጠቁራል፤ ቦሌ ኤርፖርት ግን በደጋግ ሰዎች ፊት ይበራል። ከለንደን፣ ከአምስተርዳም፣ ከዋሽንግተን ዲሲ የሚመጡ፣ አንድ ዓይነት ቲሸርት የለበሱ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። በመካከላቸው የእኛው ልጆችም አሉ፤ እዚያ ተወልደው «አገራቸውን እንዲያዩ» ወላጆቻቸው የላኳቸው። የሁሉም መድረሻ የሕፃናት ማሳደጊያ ነው። ቆይታቸው ሁለት ሳምንት፤ ከዚያም ላይ ለላሊበላ ሦስት ቀን ይቀነሳል።

ወላጅ ያጣ ልጅ ከሁሉ በፊት ምን እንደሚያስፈልገው ጠይቋቸው። ቀለም ነው። የሰፈሩ ቀለም ቀቢ በክረምት ዝናብ የተቀባ የውጭ ግድግዳ እንደማይይዝ ያውቃል፤ ግን እሱ ሙያ እንጂ ፍቅር የለውም፣ የቀን ሒሳብም ይጠይቃል። እነሱ ለመቀባት ከፍለው ነው የመጡት! ጥቅምት ላይ ቀለሙ ሲላጥ ከሥሩ የአምናው ቀጭኔ ብቅ ይላል፤ ከቀጭኔው ሥር የካቻምናው ቢራቢሮ። በአገራችን ስንት ታሪክ ሳይጻፍ ጠፍቷል፤ የበጎ ፈቃደኝነት ታሪክ ግን ድርብ በድርብ ሆኖ ግድግዳ ላይ ተቀምጦልናል።

ትልቁ ጥበብ ግን ማቀፉ ላይ ነው። እንግዶቹ ግቢውን እንደረገጡ፣ ስማቸውን እንኳ ሳይናገሩ፣ አንድ የአራት ዓመት ልጅ ሮጦ እግራቸው ላይ ይጠመጠማል። «ወዲያው ወደደኝ!» ይላሉ እንባቸውን እየጠረጉ። የሕፃናትን ሥነ ልቦና ያጠኑ ሰዎች በዚህ ደስታ ላይ ውሃ ይቸልሳሉ፤ እናቱ ጉያ ያደገ ልጅ የማያውቀው ሰው ሲመጣ ቀሚሷ ሥር ይደበቃል፣ ላገኘው ሁሉ የሚጠመጠመው ብዙውን ጊዜ «የኔ» የሚለው ሰው ያላገኘው ነው ይላሉ። ምቀኝነት መሆን አለበት። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ልጁ ከመኪናው ኋላ እየሮጠ ሲያለቅስ ደግሞ ሌላ የፍቅር ማስረጃ ተገኘ፤ ዋሽንት ተደርጎበት ቲክቶክ ላይ ይለቀቃል። በማግስቱ አዲስ ቲሸርት ለባሾች ይገባሉ፤ ልጁም እንደገና ይሮጣል። ሱሉልታ ላይ እንዲህ የሚለማመድ አትሌት የለንም።

እዚያው ግቢ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ሽንት ጨርቅ የምትቀይር፣ የትኛው ልጅ ሌሊት እንደሚቃዥ የምታውቅ ሞግዚት አለች። ፎቶው ላይ አትታይም፤ ያነሳችው እሷ ናት። የአንዱ እንግዳ የአውሮፕላን ትኬት የእሷ የስንት ወር ደመወዝ እንደሚሆን ማስላት ነውር ነው። ጽድቅ በብር አይተመንም።

የአገር ቤቱን ሰው ዘለልከው እንዳትሉኝ፤ ልደታቸውን «ከልጆቹ ጋር» የሚያከብሩ እህቶችና ወንድሞችም ከውዳሴው ድርሻ አላቸው። ኬኩ ላይ የተጻፈው የባለልደቷ ስም ነው፣ ቪዲዮ ቀራጩም የእሷ ነው። ከሚያጨበጭቡት ልጆች ስንቱ የተወለደበትን ቀን እንደማያውቅ መጠየቅ ድግስ ማበላሸት ይሆናል።

ከባሕር ማዶ ስለሚመጡት ልቀጥል። በአገራቸው መዋዕለ ሕፃናት ገብተው ልጅ ልቀፍ ቢሉ አስቀድሞ ከወንጀል ነጻ መሆናቸው ይጣራል። ቢሮክራሲ! እኛ ዘንድ ፈገግታና ከረሜላ ይበቃል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው የውሳኔ ሐሳብ በማሳደጊያዎች የሚደረግ እንዲህ ያለ በጎ ፈቃደኝነት ሕፃናቱን ሊጎዳ እንደሚችል ስጋቱን ገልጿል፤ ኒውዮርክ ተቀምጦ የእቅፍ ጣዕም ከየት ይታወቃል። የእኛም ምክር ቤት በ2010 ዓ.ም. የውጭ አገር ጉዲፈቻን ከልክሏል። ደግነቱ የተከለከለው ልጁን መውሰድ ነው፤ መዋስ አልተከለከለም።

በዚህ ሚዛን ሳያቸው አበበች ጎበና ያሳዝኑኛል። በወሎ ረሃብ ጊዜ ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ሄደው ሁለት ሕፃናት ይዘው ተመለሱ። እዚያው አቅፈው፣ አልቅሰው፣ በሰላም ቤታቸው መግባት ሲችሉ ልጅ በልጅ ላይ እየጨመሩ ትዳራቸውን እስከማጣት ደረሱ፤ በ2013 ዓ.ም. እስኪያርፉም ከዚያው ሥራ አልወጡም። የጊዜ አጠቃቀም ሥልጠና የሚሰጣቸው ሰው ጠፍቶ ነው እንጂ ሁለት ሳምንት ይበቃ ነበር።

አሁን ደግሞ ይህን ሁሉ ደግነት ሊያፈርስ የተነሳ አንድ ሰው አለ፤ ሶሻል ወርከሩ። ፋይል ሲያገላብጥ ይውላል። ማሳደጊያ ካሉት ልጆች ብዙዎቹ ወላጅ ወይም ዘመድ አላቸው፣ እዚህ ያመጣቸው ድህነት ነው ይላል። ያንን ሯጭ ልጅ እንኳ አልተወውም፤ አክስቱን ደብረ ብርሃን ድረስ ሄዶ አገኛት። እንጀራ ጋግራ ትሸጣለች። ልጁን ልታሳድግ ፈቃደኛ ናት፤ የጠየቀችው የአንድ ኤሌክትሪክ ምጣድ መግዣና የደብተር ብቻ ነው። እንዲህ ዘመድ እያፈላለገ ልጆቹን አንድ በአንድ ከላከብን በክረምት ማንን ልናቅፍ ነው? ደግነቱ ዳይሬክተሩ ብልህ ናቸው፤ ፋይሉን ተቀብለው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። አክስቲቱ እስከ መስከረም ትጠብቅ፤ ነሐሴ 12 ሠላሳ እንግዶች ይገባሉ፣ የአቀባበሉን ጭብጨባ ከፊት ሆኖ የሚመራው ደግሞ ያ ሯጭ ልጅ ነው።