ኢዶ ኢስፔራንቶን አቀናው ወይስ አበላሸው?

ተከራካሪዎቹ ሁለቱም ወሎዬ ናቸው። አንዱ ደሴ የሚያስተምሩ፣ ሌላው የሐይቅ ልጅ።

የደሴው መምህር፦
ዛመንሆፍ በ1887 እ.ኤ.አ. ኢስፔራንቶ የተባለውን ቋንቋ ራሱ ፈጥሮ ሲያወጣ አባትን "ፓትሮ" አለ፤ እናትን ግን በአባት ስም ላይ የሴት ምልክት ቀጥሎ "ፓትሪኖ" አላት። በ1907 ከዚያው የተቀዳው ኢዶ "ማትሮ" ብሎ የራሷን ስም ሰጣት። "ማልቦና"፣ ማለትም የጥሩ ተቃራኒ፣ ይባል የነበረው መጥፎም "ማላ" ተባለ። ፈረስ "ቼቫሎ" መሆኑ ቀርቶ "ካቫሎ" ሆነ። ይህ ማቅናት ነው። አፍ የሚከብደው ድምፅ እንደ እንክርዳድ ተለቅሞ መውጣት አለበት።

የሐይቁ ልጅ፦
ጋሼ፣ "አፍ የሚከብደው" ያሉት የማንን አፍ ነው? "ቼ" ማንን ከበደ? ኢዶ ራሱ ክፍልን "ቻምብሮ" ይላል! "ካቫሎ" የተመረጠው ለብዙ የአውሮፓ ቋንቋዎች ስለሚቀርብ እንጂ "ቼ" ከብዶ አይደለም። የእውነት የሚከብድ ድምፅ አራሚ አይጠብቅም። ኢስፔራንቶ ኬሚስትሪን መጀመሪያ ከጉሮሮ "ኼሚዮ" ይል ነበር፤ ተናጋሪዎቹ ቀስ በቀስ ትተውት ዛሬ "ኬሚዮ" ነው። የግዕዙን "ሠያጢ" እኛ "ሻጭ" ያልነው ማን አዞን ነው?

የደሴው መምህር፦
ልጄ፣ ተናጋሪ ሁሉ እንደ አፉ ከለወጠ ስህተት የሚባል ነገር ሊቀር ነው። ተማሪዬ "ተደሴ መጣሁ" ብሎ ሲጽፍ በቀይ አሰምሬ "ከደሴ" እለዋለሁ። ቋንቋ ጠባቂ ያስፈልገዋል፤ የተፈጠረውም፣ የተወለድንበትም።

የሐይቁ ልጅ፦
"ቻምብሮ"ን ዘለሉት። ይሁን። ያ ቀይ መስመር ግን የእኔም ደብተር ላይ አርፏል። እናቴ ገበያ ውላ ስትመለስ "ተገበያ ሸንኮራ አምጥቼልሃለሁ" ትለኝ ነበር። እኔም እንደሰማሁት ጻፍኩ፤ መምህሩ ጮክ ብሎ አነበበው፣ ክፍሉ ሳቀ። ከዚያ ቀን በኋላ እናቴ ሰው ፊት ስትናገር አንገቴን እደፋ ነበር። እርስዎ ለእናት ስሟ ተመለሰላት ብለው ነው የጀመሩት፤ የእኔ እናት ቃሏ እንክርዳድ ነው?

የደሴው መምህር፦
እናትህን አልነካሁም። እኔም ቤቴ ስገባ "ተት መጣሽ" ነው የምለው። ፈተናውን የሚያርመው ግን የእኛን አገር ሰው አያውቅም፤ "ተ" ብሎ የጻፈ ልጅ ነጥብ ያጣል። ቀዩን የማሰምረው ለዚያ ነው። ጮክ ብዬ ግን አንብቤ አላውቅም።