ግብር ያልነካው ቀን

የደመወዝ ቀን ደስ ይላል። ወረቀቱን እስክታነቡ ድረስ። እኔ ሳነበው ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው ከላይ ካለው ቁጥር ላይ አይደለም፤ ከታች ካለውም ላይ አይደለም። መሃል ላይ ነው። መሃል ላይ «ተቀናሽ» የሚል ቃል አለ። ይህን ቃል የፈጠረው ሰውዬ በሕይወት ካለ፣ አንድ ቀን መንገድ ላይ እንዳንገናኝ ይጸልይ።

ያን ዕለት ወረቀቱን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩና ጎረቤቴ ጋሼ ዘንድ ገባሁ። ጋሼ ጡረታ የወጡ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር ናቸው። አንደኛ ክፍል ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። በዚህ ዕድሜዬ እንኳ ሳያቸው እጄ ከኪሴ ራሱን ያወጣል።

«ጋሼ፣ ተዘረፍኩ!»

«የት ላይ?» ደንግጠው ተነሡ።

ወረቀቱን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን ከግንባራቸው ወደ አፍንጫቸው አወረዱና አነበቡት። ተመልሰው ተቀመጡ።

«ይኼ እኮ ግብር ነው።»

«እኔስ ምን አልኩ?»

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ፤ እናንተም ሳትሉት አትቀሩም። ሆስፒታል ከገባሁ ዓመታት አልፈዋል አልኩ። የሚማር ልጅ የለኝም አልኩ። ቤቴ ተቃጥሎ አያውቅ፣ ፖሊስ ጠርቼ አላውቅ። ለመብራቱ እከፍላለሁ፣ ለውሃው እከፍላለሁ። ታዲያ ይኼ ተቀናሽ ለማን ነው የሚቀነሰው? ደግሞ በግብር የተማረርኩት እኔ የመጀመሪያው አይደለሁም። እንግሊዞች ከ1696 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ጀምሮ በመስኮት ብዛት ግብር ሲጣልባቸው፣ መስኮታቸውን በጡብ ደፍነው ጨለማ ውስጥ ተቀምጠዋል። ግብሩ የተነሣው በ1851 ነው። እኔም የምደፍነው መስኮት ባገኝ ወደኋላ አልልም ነበር።

ጋሼ የቤት ሥራውን ያልሠራ ተማሪ ምክንያት ሲደረድር እንደሚሰሙት ሰሙኝ። ሲበቃኝ ጠብቀው፣ «ጥሩ» አሉ። «ነገ አንድ ቀን ብቻ፣ የግብር ገንዘብ የነካውን ነገር ሳትነካ ዋል። ከቻልክ ይህን ተቀናሽ ከጡረታዬ እሰጥሃለሁ።»

እንዴት ቀላል ነገር ነው! ሌሊቱን በደስታ ሳልተኛ አደርኩ።

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ተነሥቼ፣ ማንም ሰው ሲነሣ መጀመሪያ ወደሚሄድበት ክፍል ሄድኩ። ጉዳዬን ጨርሼ ውሃውን ልለቅ እጄን ሰደድኩ። እዚያው ቀረሁ፣ እጄ እንደተዘረጋ። ውሃው የእኔ ነው፤ በቆጣሪ ከፍዬበታለሁ። ግን ቆጣሪው የሚቆጥረው የሚመጣውን ነው። የሚሄደውስ? ወዴት ነው የሚሄደው? ይህን ሁሉ ዓመት ስለቀው ኖሬ አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም። ይሄዳል፣ በቃ።

የት እንደሚሄድ በማይታወቅበት ዘመን ምን ይሆን እንደነበር ጋሼ ኋላ ነገሩኝ። በ1858 የለንደን ሰው እዳሪ የሚፈስሰው ቴምዝ ወንዝ ውስጥ ነበር። ኮሌራ ከዚያ በፊት እየተመላለሰ ሺህዎችን ሲፈጅ፣ ገንዘብ አወጣጡ ላይ ክርክሩ ማለቂያ አልነበረውም። በዚያ ዓመት ግን ሙቀቱ በረታና ሽታው ወንዙ ዳር ያለው ፓርላማ ገባ። መጋረጃውን በኖራ ውህድ ነከሩት፤ ወይ ፍንክች። የከተማው የፍሳሽ መስመር ሕግ ወዲያው ጸደቀ። ኢንጂነሩ ጆሴፍ ባዛልጌትም ከከተማው ሥር ቦዩን ዘረጋው። ኮሌራ የድሃውን ቤት ከሀብታሙ ቤት አይለይም፤ አፍንጫም እንደዚያው።

ለማንኛውም ለቀቅኩት። ከዚህ የባሰ አማራጭ ነበረኝ? ማንም ስላላየ አልቆጠርኩትም።

በሩን ከፍቼ ስወጣ ጋሼ ደጃቸው ላይ በርጩማ አውጥተው ተቀምጠዋል። ጭናቸው ላይ ደብተር አለ። እጃቸው ላይ ቀይ እስክሪብቶ። ያ ቀይ እስክሪብቶ ስንቱን ሲያስለቅስ ኖሯል መሰላችሁ!

«ደህና አደርክ? ውሃውን ለቀሃል ወይስ አልለቀቅክም?»

ዝም አልኩ። አንድ የኤክስ ምልክት።

አንድ እግሬን ከደጄ አውጥቼ አስፋልቱ ላይ ላሳርፍ ስል ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እግሬ አየር ላይ ቀረ። ወደ እግረኛ መንገዱ አዞርኩት። እንደገና ጠረጉ። ከመንገዱ ዳር ያለው ሣር ላይ ለማሳረፍ አሰብኩ፤ የከተማው ሣር ነው። በአንድ እግሬ ቆሜ የማሳርፍበት ስፈልግ፣ ሰው አየኝ አላየኝ ብዬ ግራ ቀኝ ቃኘሁ። እንደ ሽመላ።

«ይኼ መንገድ ተብሎ ነው!» አልኩ፣ ተናድጄ። «ያን ጉድጓድ አላዩትም? ስንት ጊዜ ነው የመኪናዬ ጎማ የገባበት!»

«የቱ ጋ ነው ጉድጓዱ?»

«ከመታጠፊያው አለፍ ብሎ።»

«ርዝመቱስ?»

«አንድ ክንድ ቢሆን ነው።»

«የመንገዱስ ርዝመት?»

አላውቀውም። ለካ በየቀኑ እየነዳሁበት የማውቀው ጉድጓዱን ብቻ ነው። (ጉድጓዱ ግን አሁንም አልተደፈነም። ይመዝገብልኝ።)

ተመልሼ ቤት ገባሁ። ውጭ ካልተወጣ ቤት ይዋላላ! ስልኬን አወጣሁ። ስልኩን በገንዘቤ ገዛሁት፣ ለኢንተርኔቱም በየወሩ እከፍላለሁ። እዚህ ላይ ጋሼ ምንም ሊሉ አይችሉም ብዬ በመስኮት አሳየኋቸው።

ቻሉ። ዛሬ ኢንተርኔት የምንለው ነገር የተወለደው በአሜሪካ ግብር ከፋይ ገንዘብ ነው አሉኝ። በጥቅምት ወር 1969 ከአንድ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ወደ አንድ የምርምር ተቋም ኮምፒውተር «ሎግኢን» የሚል ቃል ሊልኩ ሞክረው፣ ሁለት ፊደል እንደሄደ ሲስተሙ ወደቀ። የሚገርመው እስከዛሬም የእኔ ኔትወርክ ሁለት ፊደል ላይ ነው የሚወድቀው። ድረ ገጽ የሚባለውንም መንግሥታት ገንዘብ የሚያዋጡለት ሰርን የተባለ የምርምር ማዕከል ሠርቶ፣ በሚያዝያ 1993 ለዓለም በነጻ ለቀቀው። መንገድ ሲጠፋኝ «ወደ ግራ ታጠፍ» የምትለኝ ሴትዮም፣ የት እንዳለሁ የምታውቀው 20,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካሉ ሳተላይቶች ነው። የእነሱን ወጪ የሚከፍለው ደግሞ እኔን አይቶኝ የማያውቅ አሜሪካዊ ነው። እሱም ደመወዙ ላይ «ተቀናሽ» የሚል አይቶ ይሆናል። ምስኪን።

ስልኩን እንደ ፍም አስቀመጥኩት።

መጽሐፍ አነሣሁ። መጽሐፍ እንኳ ማንንም አይነካም። ጋሼ ደብተራቸውን ዘጉና ከበርጩማቸው ተነሥተው መስኮቴ ሥር መጡ።

«ማንበብ ማን አስተማረህ?»

«እርስዎ።»

«እኔን ማን ከፈለኝ?»

መጽሐፉን ዘጋሁት። መዝጋቱስ ቀላል ነበር። ማንበብ ግን አንዴ ከያዘ የማይለቅ ነገር ነው። ዓይኔ ግድግዳው ላይ ሲያርፍ የቀን መቁጠሪያው ይነበባል። ወደ ታች ስመለከት የሳሙናው ካርቶን ይነበባል። ማንበብ የማይችል ሰው ሆኜ ለማየት ዓይኔን አጥብቤ ሞከርኩ። ሳሙናው «ለስላሳ ቆዳ» ይላል።

ስለዚህ ቁጭ አልኩ። እጄን አጣምሬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ምንም ሳልነካ። ቁጭ ማለትን የሚቀርጥ መንግሥት ገና አልተፈጠረም።

«ፊትህን እስቲ ወደ ብርሃኑ አድርገው» አሉ ጋሼ።

አደረግኩት።

«የፈንጣጣ ጠባሳ የለብህም።»

ፊቴንም ከውድድሩ ማስወጣት ነበረብኝ። ፈንጣጣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ብቻ 300 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደገደለ ይገመታል። መንግሥታት ተባብረው ቤት ለቤት ሲከትቡ፣ በተፈጥሮ መንገድ የያዘው የመጨረሻ ሰው በ1977 ሶማሊያ ውስጥ ተገኘ። በ1980 የዓለም ጤና ድርጅት መጥፋቱን አወጀ። እኔ ታዲያ «ምን አደረጉልኝ?» ስል የቆየሁት በዚህ ባልተጎረበጠ ፊቴ ነው። ባልያዘኝ በሽታ ደረሰኝ የሰጠኝ የለም። የደመወዝ ወረቀቴ ላይም «ያልያዘህ ፈንጣጣ፦ አንድ» የሚል ተጽፎ አላየሁም።

ተስፋ አልቆረጥኩም። «ቤቴ ግን ተቃጥሎ አያውቅም!»

በ2010 በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት የሆነውን ጋሼ ያነሡት ይኼኔ ነው። በአንድ የገጠር ቀበሌ የእሳት አደጋ አገልግሎት የሚያገኘው በዓመት 75 ዶላር የከፈለ ብቻ ነበር። ክፍያው ያልተከፈለበት አንድ ቤት ተቃጠለ። የእሳት አደጋ መኪናው መጣ፤ የመጣው ግን የከፈለው ጎረቤት ማሳ እንዳይያያዝ ነው። ሰዎቹ ውሃቸውን ይዘው ቆመው ቤቱ ሲነድ አዩ። በጥንቷ ሮም ደግሞ ክራሱስ የሚባል ሀብታም ነበር። የጥንቱ ጸሐፊ ፕሉታርክ እንደጻፈው፣ እየተቃጠለ ያለን ቤትና አጠገቡ ያሉትን ከተደናገጡት ባለቤቶች በርካሽ ይገዛ ነበር። እውነቱን ልናገርና የክራሱስ ሐሳብ ለአፍታ አጓጉቶኛል። ኋላ ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ እኔ ክራሱስን ሳይሆን የሚቃጠለውን ቤት ባለቤት እንደምሆን ትዝ አለኝ።

«የሚሰረቀውስ?» አልኩ በመጨረሻ። «ከዚህ ተቀናሽ ስንቱ ነው መንገድ ሆኖ የሚቀረው፣ ስንቱ ነው የሰው ቪላ የሚሆነው?»

ይህን ስል ጋሼ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀይ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። «እሱን ጠይቅ» አሉ። «ጮኸህ ጠይቅ፤ እኔም አብሬህ እጮሃለሁ። ግን ምንም አላገኘሁም ካልክ፣ ምን ተሰረቀብኝ ልትል ነው?»

ውርርዱን ተበላሁ። ብረታም ኖሮ የሚከፍሉኝ ከመንግሥት ጡረታቸው ነው፤ እሱንም ብነካው ኤክስ ነበር። ሽማግሌው ይህን አስቀድመው አስበውበታል።

በማግስቱ ጠዋት የቆሻሻ መኪናው ድምፅ ቀሰቀሰኝ። በለሊት ልብሴ፣ አንድ እግሬ ላይ የእኔን ሌላው ላይ የሚስቴን ነጠላ ጫማ አድርጌ፣ ሁለት ከረጢት እየጎተትኩ ሮጥኩ። መኪናው ሊሄድ ነው። ልጆቹ አዩኝና ጠበቁኝ። ከረጢቶቹን ተቀብለው ወረወሯቸው። እኔ ግን እያለከለክሁ ጮህኩባቸው፦

«ዛሬ ደግሞ ምነው አሥር ደቂቃ ዘገያችሁ? እኛ እኮ ግብር የምንከፍል ሰዎች ነን!»

ከጀርባዬ መስኮት ሲከፈት ሰማሁ። ዞር አላልኩም። የእስክሪብቶው ክዳን «ጠቅ» ሲል ግን ተሰማኝ።